ሽማግሌ የጫነች ጀልባ

ልጅ ሳለሁ፣ አትላንታ አጠገብ ስቶን ማውንቴን በነበረው ቤታችን ጓሮ፣ የቅዳሜው ጥብስ ተበልቶ ግሪሉ ውስጥ ፍም ብቻ ሲቀር፣ አጎቴ ታደሰ ወንበሩን ወደ ሙቀቱ ያስጠጋና ስለ ባሕር ይተርክልን ነበር። በበረንዳው መብራት ዙሪያ የእሳት ራቶች ይዞራሉ፣ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለዋል፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ግን ከቦታችን ንቅንቅ አንልም። አጎቴ ያኔ መኪና ይጠግን ነበር፤ በወጣትነቱ ግን አሰብ ላይ ጣሪያ የሌላት ትንሽ የሞተር ጀልባ እየነዳ ሰውና ዕቃ በባሕሩ ዳር ዳር ያመላልስ እንደነበር እየማለ ይነግረናል። እናቴ በኩሽናው መስኮት ብቅ ብላ «ዛሬ ደግሞ ማዕበሉ ስንት ፎቅ አከለ?» ትለዋለች። እሱ ምን ገዶት፣ አንድ ፎቅ ጨምሮ ይቀጥላል።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ስለ አንድ ኩሩ ነጋዴ የሚተርከውን ነበር። ነጋዴው «የኔ ቦታ ከፊት ነው» ብሎ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ጉብ አለ፤ ንፋስ ሲነሳ ጀልባዋ በአፍጢሟ ልትደፋ ምንም አልቀራት፤ አጎቴ ጎትቶ ወለሉ ላይ ከዓሣው ቅርጫት ጎን ካስቀመጠው በኋላ ነው ነፍሳቸው የተረፈው። እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ በእንጨት ፍሙን እየቆሰቆሰ «ማዕበልን ፊት ለፊት ከገጠምከው ይሰብርሃል፤ ጀርባህን ከሰጠኸው ይረግጥሃል፤ በትከሻ ሰላም ካልከው ግን ያሳልፍሃል» ይል ነበር። እኔም ቃል በቃል ሸመደድኩት፤ ለምን ይጠቅመኛል ብዬ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፣ ከአትላንታ ባሕሩ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ዳዊት ሶስናን ላግባ ብሎ ሲነሳ እኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የሶስና አባት አቶ ክንፈ በጆርጂያ ባሕር ዳርቻ፣ ድልድይ በሌላት ደሴት ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያስተዳድሩ ነበር፤ ወግ ሲነካባቸው የማይወዱ ሰው ነበሩ። ለመጀመሪያው ቀጠሮ አትላንታ ላይ በረዶ ጣለና ከተማው እንዳለ ቆመ፤ ሽማግሌዎቻችንም ቀሩ። አቶ ክንፈ በረዶ ነው ብንላቸውም አልሰሙ፣ «ቀጠሮ የማያከብር ቤት ልጄን አያከብርም» ብለው ላኩብን። በስንት ልመና አንድ ቅዳሜ ሰጡን፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደረሱ ደረሱ፣ ካልደረሱ ነገሩ አበቃ። ዳዊት ያን ሳምንት እህል አልቀመሰም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አጎቴ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ብርሃኑ፣ እና በቤተ ክርስቲያናችን በዕድሜም በክብርም ከሁሉ የሚበልጡት አባባ ወልዴ። እናቴ ሆስፒታል ተረኛ፣ ዳዊትም ሥራ ላይ ስለነበሩ እኔን የሚይዝ ጠፍቶ አብሬ ተጫንኩ። ጠዋት ተነሳን ይባል እንጂ መነሳታችንስ የት አለ! ጋሽ ብርሃኑ ቤት «ቁርስ ሳትቀምሱማ አትሄዱም» ተባልን፤ አባባ ወልዴ ቤት ደግሞ ምርቃቱ ከቁርሱ በለጠ። ወደቡ ስንደርስ ወደ ደሴቷ የሚያሻግረው የቀኑ የመጨረሻ ፌሪ ጭራውን አዙሮ እየሄደ ነበር።

«በቃ፣ ሚስ አደረግነው» አሉ ጋሽ ብርሃኑ።

አጎቴ ግን ዳር የታሰሩትን ትንንሽ ጀልባዎች እያየ «አንድ ሬንት አደርጋለሁ» አለ። ባለ ጀልባው ሰማዩን አይቶ፣ ንፋስ ሊነሳ ነው ብሎ አስጠነቀቀው፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ቁልፉን ሰጠው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው አጎቴ፣ ያ የባሕር ሰው፣ ከኛ ሰው በቀር ማንም የማይሠራውን ስህተት የሠራው። ጋቢ ላይ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት የደረቡትን አባባ ወልዴን በሁለት እጁ ደግፎ «አባባ፣ እርስዎማ ከፊት ይቀመጡ እንጂ!» ብሎ አፍንጫዋ ላይ አስቀመጣቸው። ታላቅን ከኋላ ማስቀመጥ እንዴት ይሆናል?

በረጃጅሙ የባሕር ሣር መካከል ስንሄድ ውኃው ጸጥ ያለ ነበር፤ አባባም ከዘራቸውን ይዘው ግራ ቀኙን በኩራት ይመለከቱ ነበር። ሣሩ አልቆ ወደ ሰፊው ባሕር ብቅ ስንል ግን ንፋሱ እንደ ጥፊ ተቀበለን። የመጀመሪያው ማዕበል አባባን ከራስ እስከ እግር አጠባቸው፤ ሁለተኛው ጀልባዋ ውስጥ ገባ፤ ሦስተኛው ሲመጣ ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና ማድረግ አቃታት፣ ውኃው ቁርጭምጭሚቴን ዋጠው። ጋሽ ብርሃኑ ኪዳነ ምሕረትን ይጣራሉ። ወደ አጎቴ ዞርኩ፤ አፉን ከፈተና ወደ አባባ አይቶ መልሶ ዘጋው። ምን ሊል እንደፈለገ አወቅሁ። ለመስጠም ደርሰንም አባባን ተነሱ ማለት ነውር ሆኖበት ነበር።

«ጋሼ፣ ነጋዴው!» ብዬ አጎቴ ላይ ጮህኩ። «ነጋዴውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው!»

አባባ ወልዴ ጢማቸው ውኃ እያንጠባጠበ ዞሩ። «የምን ነጋዴ ነው የምትለው ይቺ ልጅ?»

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ አጎቴ፤ «ይውረዱና ወለሉ ላይ ይቀመጡ። አሁኑኑ! ካልሆነ እንመለስ።»

እኒያ ቤታችን ሲገቡ ሁሉም ብድግ የሚልላቸው ሰው፣ በዳዴ መጥተው ውኃው ውስጥ ከጎኔ ዘፍ አሉ። «መመለስ የሚባል የለም፤ ቀጠሮ ነው፣ ንዳ!» አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው ውኃውን እየጨለፉ ወደ ባሕር መድፋት ጀመሩ። እኔም በእፍኜ አገዝኳቸው። የጀልባዋ አፍንጫ ቀና አለ። አጎቴ ያኔ ፊቱ ተለወጠ፤ ማዕበሉን አንድ በአንድ በትከሻ እየተቀበለ፣ ጫፉ ላይ ስንወጣ ሞተሩን ቀነስ፣ ቁልቁል ስንወርድ ጨመር እያደረገ ይነዳ ጀመር። ሲተርክልን የምሰማው ሁሉ እጁ ላይ ነበር። ኮራሁበት፤ እየፈራሁም በጣም ኮራሁበት።

ደሴቷ ላይ ስንወጣ ፀሐይ የሣሩን ጫፍ ነክታ ነበር። አቶ ክንፈ ከበረንዳቸው ሲያዩን ቆይተው ኖሮ በሩ ላይ ተቀበሉን፣ «በስመ ሥላሴ! ግቡ፣ ተቀመጡ!» አሉ። ሽማግሌ ደግሞ የመጣበትን ሳይናገርና እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ሦስቱም ሳሎኑ መሃል ተደርድረው ቆሙ፤ ከጋቢያቸው የሚወርደው ውኃ ምንጣፉ ላይ ኩሬ ሠራ።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አባባ ወልዴ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። ከዚያም የዳዊትን ነገር በሙሉ ወጉ፣ አንድም ቃል ሳያሳጥሩ ተናገሩ። ባዶ ራሳቸውን፣ እንደዚያ ረጥበው፣ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የዚያን ያህል ግርማ ኖሯቸው አላየኋቸውም።

አቶ ክንፈ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ በመስኮቱ የሚያጓራውን ባሕር አዩ፣ እኔንም አዩ። «ወግ ነውና ሁለት ሦስቴ ላመላልሳችሁ አስቤ ነበር» አሉ። «በዚህ ባሕር ተመልሳችሁ ኑ ብዬ ግን ከፈጣሪ አልጣላም። ልጄን ሰጥቻለሁ። አሁን በሞቴ ተቀመጡ!»

የሶስና እናት እልልታውን አቀለጡት። ጋሽ ብርሃኑ አለቀሱ፤ አጎቴ ሳቀ፤ እኔ ሁለቱንም አደረግሁ።

ከዚያ ቀን ምን ቀረልሽ ቢሉኝ ድፍረት አልልም፣ ማንም ደፋር አልነበረማ። ትልልቅ ሰዎች ሲፈሩ ያየሁት ያኔ ነው፤ እየፈሩ ወደፊት ሲሄዱም ያየሁት ያኔ ነው። ዛሬ አንድ ነገር ሲያስፈራኝ መፍራቴን እንደ ምክንያት ማቅረብ አይሆንልኝም። ፈርተን ሄድን፤ እሺታ ይዘን ተመለስን።