ጨጓራ ነው ያልነው በሽታ

ባለቤቴ የታመመው ጉበቱን ነበር። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ ካንሰር መሆኑን፣ የቀረውም ጊዜ ትንሽ መሆኑን ነገረኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛው በፊቱ አይነገርም። ከሴት ልጃችን ጋር ተመካከርንና ጨጓራ ነው አልነው። እሱም እሺ አለ። ዕድሜውን በባቡር ጥገና የጨረሰ፣ ነገር ሳያገላብጥ የማይቀበል ሰው እንዴት ቶሎ እሺ እንዳለ ያኔ አላሰብኩም።

ድሬዳዋ፣ ሰፈራችን ከዚራ ቀትር ላይ ጭር ይላል። ሙቀቱ ሲበረታ በሩን ዘግተን እሱ ሳሎን ሶፋው ላይ ጋደም ይላል፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ስልኬን እከፍታለሁ። ሐኪሙን ለመጠየቅ ያልደፈርኩትን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ እየጻፍኩ ስልኬን ጠየቅኋት። የጉበት ካንሰር ያለበት ሰው ምን ይበላል? ሕመሙ ይብስበታል? ምን ያህል ይቆያል? አነብና ፊቴን ታጥቤ እወጣለሁ።

ልጃችን ስልኮቹን ስትገዛልን፣ "እማ፣ እንዳይጠፋባችሁ" ብላ ሁለቱንም በአንድ ኢሜይል ነበር የከፈተቻቸው። እኔ ጓዳ የጠየቅሁት ሳሎን ባለው ስልክ ላይ ማስታወቂያ ሆኖ እንደሚወጣ አላወቅሁም።

አንድ ቀን ጠራኝ።

"አንቺ፣ ነይ እስቲ። ይቺ ስልክ ምን ነካት?"

ኳስ እያየ ነበር። ጨዋታው ተቋርጦ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፈገግ ብሎ፣ ለጉበት ካንሰር ሕክምና ሕንድ እንወስዳለን፣ ቪዛውን እኛ እንጨርሳለን፣ አስታማሚም አብሮ ይሄዳል ይላል።

"ለሁሉም ሰው ነው የሚልኩት" አልኩት።

"ለጎረቤታችን አልላኩለትማ። ጠይቄዋለሁ። ለሱ የባጃጅ ጎማ ነው የሚመጣለት።"

"እሱማ ባጃጅ ስላለው ነዋ!"

ካልኩት በኋላ ምላሴን ነከስኩ። እሱ ግን ሳቀ።

"እኔ ደግሞ ጉበት ስላለኝ። አቦ ተያቸው፣ የሕንድ ቅመም ለጨጓራዬ አይሆንም።"

ጨጓራዬ ሲል እፎይ አልኩ።

ከዚያ በኋላ በእኔም ስልክ የጉበት ሻይ መጣ፤ ጉበት በጸሎት እፈውሳለሁ የሚል ሰውም መጣ። እሱ ግን ዳግመኛ አላሳየኝም። ሳሎን ስገባ ስልኩን ደረቱ ላይ ይደፋዋል። ኳሱ የሰለቸው መስሎኝ ነበር።

ከቀበርነው በኋላ፣ ድንኳኑም ተነሥቶ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ባለባጃጁ ጎረቤታችን ሊያጽናናኝ መጣ።

"ወላሂ እህቴ፣ ጠንካራ ሰው ነበር። ሕንድ እንወስዳለን ለሚሉት ሰዎች እኮ እኔ ነኝ የደወልኩለት። የምርመራውን ወረቀት ከኮመዲኖ አውጥቶ ሰጠኝና በስልክ ላክንላቸው። ዘግይቷል አሉን።"

"ያውቅ ነበር?"

"እንዴ፣ አልነገረሽም? ይከፋታል፣ እንዳትነግራት ብሎ አስምሎኝ ነበር። እሱን ያናደደው ሌላ ነው። ዘግይቷል ካሉት በኋላም ያው ማስታወቂያ ይመጣበት ነበር። 'እነዚህ ሰዎች አይነጋገሩም እንዴ?' ይለኝ ነበር።"

እኔ የደበቅሁት እንዳይፈራ ብዬ ነው። ፈርቶ ነበር፤ ተስፋም አድርጎ ነበር፤ ሁለቱንም እኔ ጓዳ ተቀምጬ ሳለሁ ብቻውን።

ዘግይቷል ያሉት ዕለት ከሰዓት ምን እንዳበላሁት ለማስታወስ እሞክራለሁ። ሾርባ ይሆን? ተቆጥቼው ይሆን? ባለባጃጁን የትኛው ቀን እንደነበር ደጋግሜ ጠየቅሁት። እሱም አያስታውስም።