«ወንድሜ ታፈሰ»

ትናንት ረፋድ ላይ ካዛንቺስ የሚገኘው የአሳታሚዬ ቢሮ ተጠርቼ ሄድኩ። ለወጣት አንባቢያን የጻፍኩት ልቦለድ ከሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤት የሚገባበት ቀን ነበር። የመጨረሻውን ረቂቅ ገረፍ ገረፍ አድርጌ «ይታተም» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ... ወይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ታሪኩ በደርግ ዘመን፣ ጦርነቱ ሰሜን ላይ ሲፋፋም፣ እዚህ ላንቻ ስላደገ ልጅ ነው። ልጁን እኔ ፈጥሬዋለሁ። የታላቅ ወንድሙን ስም ግን አልፈጠርኩትም። ግርማ የራሴ ታላቅ ወንድም ስም ነው። የትም ቦታ ተጽፎ ስለማይገኝ፣ እዚህ እንኳ ታትሞ ላየው ፈልጌ ነበር።

ምዕራፍ ሦስትን ገለጥኩ። «ወንድሜ ታፈሰ ዳቦ ሊገዛ ወጣ» ይላል።

የትኛው ታፈሰ? ወደ ኋላ ገለበጥኩ። ታፈሰ ኳስ ይጫወታል። ታፈሰ እናቱን ያስቃል። ወደ ፊት ገለበጥኩ... ታፈሰ በታፈሰ ሆኗል። ግርማ የለም!

አርታኢዋ ሕሊና ትጉህና ጨዋ ወጣት ናት። ፈገግ ብላ አየችኝ።

«እሱን አስተካከልኩልዎት እኮ ጋሼ። መጀመሪያ ግርማ ይሉታል። ከዚያ ‹ግርማ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ወንድሜ ታፈሰ።› ብለው አራት ነጥብ! ማለቴ... ስሙ ተምታቷል፣ ሁለተኛው ደግሞ ግስ የለውም። በቃ አንድ ላይ አደረግኩት።»

«ልጄ፣ ግሱ እኮ እሱ ነው!»

«የቱ?»

«ታፈሰ ነዋ! በአፈሳ ተያዘ፣ ከመንገድ ላይ ተለቅሞ ወደ ጦር ሜዳ ተወሰደ!»

«ታዲያ ‹ያለፈቃዱ ለውትድርና ተመለመለ› ብንለውስ? ለልጆቹ ግልጽ ይሆናል።»

ዕድሜዬን ሙሉ ስብሰባ ስመራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ትዕግሥት አላጣም። ትናንት ግን ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት።

«ሕሊና፣ በዚያን ጊዜ ‹ልጄ ያለፈቃዱ ተመለመለ› ብላ ያለቀሰች እናት የለችም! የጻፍኩት የጦርነት መጽሐፍ ነበር፤ አንቺ የዳቦ መጽሐፍ አደረግሽው!»

«አይቆጡ ጋሼ... እንደውም ሌላ ሰው ይፍረደን» ብላ ለእናቷ ደወለች። እኔም እንድሰማ ድምፁን ስፒከር ላይ አደረገችው።

«እማዬ፣ ‹ወንድሜ ታፈሰ› ብልሽ ምን...»

አላስጨረሷትም። አንድ ዕቃ ወድቆ ሲሰበር ተሰማን።

«ናቲ?! የት ነው የያዙት? መታወቂያ አልያዘም እንዴ? ተናገሪ እንጂ!»

«ኧረ እማዬ! ናቲ ቤት ተኝቷል... መጽሐፍ ነው! የመጽሐፍ ዐረፍተ ነገር ነው!»

«የምን መጽሐፍ! ወይ አንቺ ልጅ... ልትገድይኝ ነው? እንዲህ ያለ ቃል በስልክ ይነገራል?»

ሕሊና ስልኩን አፍጥጣ ታየው ጀመር። ለእሷ የሰው ስም የነበረው ቃል እናቷን በእጃቸው የያዙትን አስጥሏቸዋል።

እናትየው ግን ስልኩን አልዘጉም። ትንፋሻቸው መለስ ሲል፣ «ጸሐፊው እዚያው አሉ?» አሉ።

«አለሁ እህቴ።»

«ልጁስ... ተመለሰ?»

«በመጽሐፉ ተመልሷል» አልኳቸው።

ከመጽሐፉ ውጭ ስላለው ግርማ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። «ተመስገን» ብለው ዘጉ።

ሕሊና ከምዕራፍ ሦስቱ ግስ በቀር ታፈሰን አንድ በአንድ ወደ ግርማ ትመልስ ጀመር። እኔም ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከስልኩ የሰማችውን ‹ተመስገን›ም የአጎት ልጅ አድርጋ እንዳታስገባብኝ ሰግቻለሁና ዓይኔን ከኮምፒውተሯ አልነቀልኩም።

ከሰዓት በኋላ ግርማ በስሙ ማተሚያ ቤት ገባ። ከዚያ እንኳ ማንም እንዳያፍስብኝ።