የዑድ ክሮቼ ቀረጥ

ካርቱም ከገባሁ ወዲህ የያዘኝ አንድ ሱስ ቢኖር ዑድ የሚባለውን የዐረቦች ባለ ክር መሣሪያ መጫወት ነው። እዚህ ገበያ የክሩ ዋጋ አልቀመስ ስላለኝ፣ እህቴ ከዱባይ ሁለት ፓኬት ገዝታ ላከችልኝ። ደርሷል ሲሉኝ ከምኖርበት ከካላክላ ሰፈር በሃፍላ አውቶቡስ ተጋፍቼ ጉምሩክ ሄድኩ። ኪሴ ውስጥ ባለቤቴ ለልጃችን የዱቄት ወተትና ለቤት ዘይት ግዛ ብላ የሰጠችኝ ገንዘብ ብቻ ነበር።

መኮንኑ ወረቀቱን አየት አድርጎ፣ «ይሄ የቅንጦት ዕቃ ነው» አለና ቀረጡን ነገረኝ። ክሮቹ ከተገዙበት ዋጋ ይበልጣል! ደነገጥኩ።

«ጀናቡ፣ ወላሂ ለንግድ አይደለም» አልኩት። «ወተቱም ዘይቱም ቀረጥ ጨመረ ተብሎ በእጥፍ ተወዶብናል። ይመልሱት፣ ይቅርብኝ።»

ተነስቶ በሩን ዘጋና «ኢቃማህን አምጣ» አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። አውጥቼ ሰጠሁት። ስሜን አነበበና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«በደንብ ትጫወታለህ?»

«ትንሽ ትንሽ» አልኩ፣ ምን ሊያደርገኝ ይሆን እያልኩ።

ከዚያ ወደ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ጎንበስ አለ። ዱላ ሊያወጣ ነው ብዬ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ይዞ ቀና ያለው ግን ሁለት ክር ብቻ የቀረው አሮጌ ዑድ ነበር!

«የክሩን ዋጋ እኔም በደሞዜ አልቻልኩትም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀረጡን እኔ ልክፈልልህና አንዱን ፓኬት ትሰጠኛለህ?»