የማይታወቀው ጠርሙስ

ፌንጣ የሚሉት ቀለም ቀቢ መቀመጥ አይችልም። ቆሞ ይበላል፣ እየሄደ ያወራል። ሚስቱ፣ «መልክህን ያወቅሁት በፎቶ ነው» ትለዋለች።

ኩላሊቱ መድከሙ ሲነገረው እንኳ ከበሽታው ይልቅ «ረጋ ብለው ይኑሩ» መባሉ ነበር ያንገበገበው። መድኃኒቱን እየዋጠ ሥራውን ቀጠለ። ታዲያ አንድ ቀን ለክትትል ሲሄድ ዶክተሯ ለጥናት ሰው እንደምትፈልግ ነገረችው።

«ቀይ ሥር ውስጥ ናይትሬት የሚባል ነገር አለ። ሰውነት ውስጥ ሲለወጥ የደም ሥርን ያላላል። ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች ይጠቅም እንደሆነ እየሞከርን ነው። በየቀኑ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ጭማቂ ይጠጣሉ። ግማሹ ሰው የሚጠጣው ግን ናይትሬት የሌለበትን ነው።»

«የእኔስ የትኛው ነው?»

«ጥናቱ እስኪያልቅ እርስዎም እኔም አናውቅም።»

ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳው። ጠርሙሱን መስኮት ላይ ለብርሃን ይዞ፣ «ከእኔ ነው ቀለም የሚደበቀው?» እያለ አገላብጦ አየው። አሸተተው። ሚስቱንም አስቀመሳት።

«አፈር አፈር ይላል» አለች ፊቷን አጨማዳ።

«ባዶው ነው የደረሰኝ።»

«በምን አወቅህ?»

«ምንም አልተሰማኝማ!»

«አንተ ሰውዬ፣ የደም ሥር ሲላላ ይሰማል እንዴ? ቀበቶ መሰለህ?»

አልሰማትም። ከገበያ ቀይ ሥር በዘንቢል እየገዛ፣ በሚቀባው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እየፈጨ በጆግ ይጠጣ ጀመር። ጆጉን ከቀለም ባልዲዎቹ መሃል ይደብቀዋል። የሥራ ጓደኛው አንዴ አይቶት፣ «ይሄ ቀይ የየትኛው ክፍል ነው?» ብሎ ብሩሹን ሊነክርበት ሲል ለጥቂት ነው ያስጣለው።

አንድ ጠዋት ጣሪያ እየቀባ ሳለ ክንዱ ብሩሹን ማንሳት አቃተው። ልቡ አንዴ ትደልቃለች፣ አንዴ ትጠፋለች። እንደምንም ከመሰላሉ ወርዶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ጓደኛው ዞር ብሎ ሲያየው ብሩሹን ወረወረ።

«ፌንጣ ተቀመጠ! ኧረ መኪና ፈልጉ!»

ሆስፒታል ሲደርስ ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ቶሎ በመርፌ ደረሱለት። ሲሻለው የጆጉን ነገር ተናዘዘ፤ ዶክተሯ አልጋው አጠገብ ቆመች።

«ቀይ ሥር ናይትሬት ብቻ አይደለም ያለው፤ ፖታሲየምም ሞልቶታል። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን ያስወጣዋል፤ የእርስዎ አቅም የለውም። ልብ ሊያቆም ይችል ነበር። ለክተን የሰጠነው፣ ደምዎን የምንመረምረው ለምን መሰለዎት?»

ግርጌው የቆመችው ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ከጥናቱ ወጥተዋል። ለሕክምናዎ ሲባል የጠርሙስዎ ምስጢር ተከፍቷል» አለች ዶክተሯ። «ናይትሬት ያለበት ነበር።»

ፌንጣ ከትራሱ ቀና አለ። «ታዲያ ሠርቶልኝ ነበር?» አላት።

«አሁን በምን ይታወቃል? እርስዎ በጆግ ከደባለቁበት ወዲህ ከእርስዎ ምንም ማወቅ አይቻልም።»

ከዚያ ወዲህ ጭማቂ አልቀመሰም። መድኃኒቱን ይውጣል፣ የሚበላውን ሚስቱ ትቆጣጠራለች። ለክትትል በሄደ ቁጥር ግን ዶክተሯን ኮሪደር ላይ ይጠብቃታል።

«የሌሎቹ ውጤት ወጣ?»

«ገና ነው።»

«መቼ ነው የሚወጣው?»

«ሲያልቅ።»

ሚስቱ ክንዱን ይዛ ወደ ደረጃው ስትጎትተው እንኳ አንገቱን ወደ ኋላ እንዳዞረ ነው።