ምሰሶ የሌለው ቤት

ከአገር የወጣሁ ሌሊት ያደርኩት ከላም አጠገብ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ እኔና ልጄ የሺ፣ አቀስታ፣ የባሌ ወንድም ቤት ተጠግተን ነበር፤ ቤቱ ስለሚጠብ መኝታችን ከጋጣው ጥግ ነው፣ በእኛና በላሟ መካከል አንድ አግዳሚ እንጨት ብቻ። የአቀስታን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ አጥንት ይሰብራል፤ የላሟ ትንፋሽ ግን እንደ ምድጃ ያሞቅ ነበር። የሺ ገና ልጅ ናት። የተኛች መስሎኝ ቀስ ብዬ ተነሥቼ ነጠላዬን ስከናነብ፣

«እማ፣ የምትሄጂው የራሳችንን ቤት ልትሠሪ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት።

እናንተ እዚያ ዓረብ አገር በሰው ቤት ያላችሁ እህቶቼ፣ ይህን በስልኬ የምጽፍላችሁ ሦስተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ሴት ነኝ፤ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። ፈሪም ነኝ። ከፍታ እፈራለሁ፣ ፖሊስ እፈራለሁ፣ ከሁሉ በላይ ስልክ እፈራለሁ፣ ክፉ ወሬ የሚመጣው በእሱ ነውና። ስሜ ደብሪቱ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ግን ደላላው ዘሃራ አድርጎኛል። አውሮፕላን ጣቢያ አንዱ ፖሊስ «ዘሃራ!» ብሎ ሲጣራ እኔ ዝም ብዬ ሌላዋን ሴት አያለሁ።

«አንቺ፣ ዘሃራ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ ጌታዬ።»

«ታዲያ ስትጠሪ ለምን አትሰሚም?»

«የሆንኩት ገና ዛሬ ነው።»

ሳቀና «ሂጂ በይ፣ እዚያ እንኳ ቶሎ ስሚ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እዚያ ቶሎ ያልሰማ ወዮለት።

ሪያድ አሠሪዬ፣ መዳሟ፣ ፎቁ ጣራ ላይ ወጥቼ የውሃ ታንከሩን እንዳጥብ ታዘኝ ነበር። በብረት መሰላል ስወጣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። እሩዙና ዶሮው ሞልቶ ተርፎ፣ እኔ ግን የሚታየኝ በእርጎ የተበላ ቆሎ ነው። ኋላ ወደ መዝራው ወሰዱኝ፤ መዝራ የሚሉት በረሃ መሐል ያለ እርሻቸውን ነው። እዚያ ለሠራተኞች ሳበስል ለግመሎቹ በረት ሲያቆሙ አየሁ፤ ሃንገር ይሉታል። ቋሚው ግራና ቀኝ ብቻ፣ ጣራው ከላይ እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ መሐሉ ባዶ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያግድሽ እንጨት የለም። ሥሩ ገብቼ ቀና ስል ራሴ ዞረ። ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መሰለኝና ሳላስበው አማተብኩ። ለግመል ይህ ከተሠራ፣ ለየሺ ምን ይከለክላል አልኩ በልቤ።

ዓመታት አለፉና መጣሁ። እኔ በገባሁበት በር ግን የሺ ወጣች። አድጋለች፣ አልሰማ አለችኝ። «አጎቴ ቤት ጋጣ ሥር አልኖርም እማ። የራሳችን ጣራ ሲኖር እመጣለሁ» ብላኝ እሷም ዓረብ አገር ሄደች። ኮንትራቷ የሚያልቀው ክረምቱ እንደገባ ነው፤ ያኔ ወይ ትመጣለች ወይ ታድሳለች። እኔ ደግሞ የዚያን አገር መስኮት አውቀዋለሁ፣ ስንቷ ስታጸዳ እንደወደቀች አውቃለሁ። ስለዚህ መካነ ሰላም ዳር አባቴ ከተወልኝ መሬት ላይ ብቻዬን ጉድጓድ መቆፈር ጀመርኩ።

መካነ ሰላም ከአቀስታ ይሞቃል፣ ሰዉም ቶሎ ይስቃል። ጎረቤቴ አባ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ድሮ አናጢ ነበሩ። የባሕር ዛፉን እግር በእሳት ለብልቤ የተቃጠለ ዘይት ስቀባ፣ ምስጥ እንዳይበላው ነው፣ አጥሩ ላይ ተደግፈው ያዩኛል። ቋሚዎቹን እንደ ግመሎቹ በረት ግራና ቀኝ ብቻ፣ የሰፈሩ ሴቶች ይዘውልኝ አቆምኩ። ያን ጊዜ የቀበሌው ሰው መጣ።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ቤት።»

«እርሻ መሬት ላይ ቤት ፈቃድ ይፈልጋል። የከብት በረት ከሆነ አይከለከልም።»

«እንግዲያስ በረት ነው።»

ወደ ላይ አየ። «ስንት ከብት አለሽ?»

«አንድ ላም።»

«ለአንድ ላም ይሄ ሁሉ ቁመት?»

«ረጅም ናት።»

«መስኮቱስ?»

«ትንፋሽ ያጥራታል።»

«አንቺስ የት ልታድሪ ነው?»

«እዚሁ፣ እሷን እየጠበቅሁ።»

አባ ይማም ከአጥሩ ማዶ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው አሳላቸው። ሰውየው ደብተሩን ከድኖ፣ «ላሟ ስትገባ ጥሪኝ፣ እኔም ልያት» ብሎ ሄደ። ፈቃዱን ኋላ ራሱ ተሯሩጦ ጨረሰልኝ፣ ዕድሜ ይስጠው።

ጣራው ሲደርስ ግን ወንድ ጠፋ። በእኛ ዘንድ ሴት ጣራ አትመታም፤ ጎረምሳው ሁሉ ደግሞ ወይ አዲስ አበባ ነው ወይ ባሕር ማዶ።

«ደብሪቱ» አሉኝ አባ ይማም፣ «የኔ ጉልበት መሰላል ከረሳ ቆየ። ወይ ጣራውን ወደ ታች እናውርደው፣ ወይ አንቺ ውጪ።»

«እፈራለሁ አባ ይማም።»

«ዓረብ አገር በምን ሄድሽ?»

«በአውሮፕላን።»

«እሱ ከዚህ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው? አብሽሪ፣ ውጪ።»

ወጣሁ። ወራጁን እሳቸው ከታች እያሳዩኝ እንደ ሃንገሩ እርስ በርሱ አደጋግፌ አቆምኩ። ከዚያ ቆርቆሮውን በገመድ ያሳልፉልኛል፣ እኔ ወራጁን በእግሬ ቆንጥጬ እመታለሁ። ሚስማር በከንፈሬ ይዤ ስለነበር ልጮህ እንኳ አልችልም። መጨረሻዋን ቆርቆሮ መትቼ ቀና ስል ግን ዓይኔን መጨፈን እንደረሳሁ ያኔ አወቅኩ። መሬቱ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ተዘርግቷል፤ ከዚያ ወዲያ ሸለቆው ነው፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ማለቂያ የለውም። ይህ ሁሉ ስወለድም ነበር። ለማየት ግን የራሴን ጣራ መሥራት ነበረብኝ። ወርጄ ሥሩ ገባሁ። ጥላ ነው። በእጄ የሠራሁት ጥላ። መሐሉ ባዶ፣ ሰፊ። ድምፄ እንኳ ወጥቶ ተመልሶ መጣልኝ።

ግድግዳው ላይ ተቻኮልኩ። ክረምቱ ደረሰ ብዬ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጬ በማግሥቱ መረግኩ። ሲደርቅ እንደ ሽማግሌ ተረከዝ ተሰነጣጠቀና ተራገፈ።

«ጭዱ እስኪበሰብስ ቆይቶ መቡካት እንዳለበት ዘነጋሽው?» አሉ አባ ይማም።

«ዓረብ አገር ሁሉ ነገር ፈጣን ነው።»

«ጭቃው ዓረብ አገር አልሄደማ።»

ግድግዳውን ፍቄ፣ ጭቃውን በውሃ እያራስኩ ሽታው አፍንጫ እስኪሰነፍጥ አቦክቼ፣ እንደገና መረግኩት። አሁን በመዶሻም አይነቀልም። ወለሉን በእበት ለቀለቅሁት። የላሟን ጋጣ በወዲያኛው ጫፍ ከልዬ፣ በወዲህኛው ጫፍ ቆጥ ሠራሁ፣ ለየሺ መኝታ። ከላም ርቃ፣ ከፍ ብላ፣ በራሷ መስኮት።

ሰማዩ በጠቆረበት ቀን ጎረቤት ለምርቃት ተሰበሰበ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። የቀበሌው ሰው ሳይቀር መጥቶ «ረጅሟ ላም የታለች?» እያለ ያስቃል። በእኛ ወግ አዲስ ቤት ሲመረቅ ትልቁ ሰው እጁን ምሰሶው ላይ ያሳርፋል። አባ ይማም ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ።

«ደብሪቱ፣ ምሰሶው የታል?»

«የለውም አባ ይማም። እርስዎ ያውቁ የለ።»

«ሲሠራ አውቃለሁ። ሲመረቅ አላሰብኩትም።» ወደ ባዶው መሐል አዩ፣ ሰዉም አብሮ አየ። ደነገጥኩ፤ በሰው ሁሉ ፊት ቤቴ ቤት ሳይሆን ሊቀር ነው ብዬ።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። የሺ ናት፣ በኢሞ።

«ማን ናት?» አሉኝ።

«ልጄ ናት።»

«በይ መሐል አስቀምጫት።»

ሙቀጫውን ደፍቼ፣ ጥሪውን ከፍቼ ስልኩን ላዩ ላይ አኖርኩት። አባ ይማም ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሙቀጫው ላይ አሳረፉና መረቁ፦ ቤቱን ሙሉ ያድርገው፣ የሄደውን በሰላም ይመልሰው። ሰዉ «አሚን» ሲል ከስልኩም «አሚን» መጣ፣ ቀጭን ሆኖ። ጣራው ተቀብሎ መለሰው።

ሰው ሲሄድ ስልኩን አነሣሁ። ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት አንድ ነገር ነው፣ ትመጫለሽ ወይስ ኮንትራትሽን ታድሻለሽ። አፌን ከፈትኩ። እዚያ ከፍታ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮ የመታሁ ሴት፣ ይህችን መጠየቅ አቃተኝ። «በላሽ?» አልኳት።

«በላሁ እማ።»

ያኔ ዝናቡ ወረደ። በቆርቆሮ ላይ ዝናብ እንዴት እንደሚጮህ ታውቃላችሁ፤ ቤቱ ሁሉ ከበሮ ሆነ። ቀና ብዬ እያንዳንዷን ሚስማር አየሁ። አንዲት ጠብታ አልገባችም።

«እማ፣ ያ ምንድን ነው?»

«ጣራችን ነው።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል፣ እንደዚያ እንደ ጋጣው ሌሊት ቅርብ ሆኖ። ምስሉን አልከፈተችው፣ ታልቅስ ትሳቅ አላውቅም። ካርዱ እንዳያልቅባት ብዬ ልዘጋው ስል፣

«አትዝጊው እማ» አለችኝ። «እስኪያባራ።»