ባለ ፎቁን ትተን በአሮጌዋ

እናቴ ከውጫሌ በኩል ተድራ ከመጣች ጀምሮ ሐይቁን እያየች ነው የኖረችው። እኔንም ወንድሞቼንም እሱን እያየች ወልዳ አሳድጋለች። ጠዋት በር ስትከፍት መጀመሪያ ዓይኗ የሚያርፈው ውሃው ላይ ነው። ግን አንድም ቀን ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። ይሄን ለሌላ አገር ሰው ስናገር አያምነኝም። እኛ ዘንድ ጀልባ የዓሣ አጥማጅ ነው፣ ወይ የእንግዳ ነው፣ ወይ ማዶ ዘመድ ያለው ሰው ነው። እሷ ዓሣ አታጠምድም፣ እንግዳ አይደለችም፣ ማዶም ዘመድ የላትም።

ምኞቱን ያመጣሁባት እኔ ነኝ። አረብ አገር በሠራሁበት ቤት፣ አሠሪዎቼ በመርከብ ለሽርሽር ሲሄዱ ልጆቹን እንድይዝላቸው ይዘውኝ ሄዱ። መርከብ ይባላል እንጂ ከተማ ነው። ሊፍት አለው፣ ሱቅ አለው፣ መዋኛ አለው፤ ምግብ ቤቱን ፍለጋ ሰው እየጠየቅሽ ትሄጃለሽ። አሠሪዬ ለእህቶቿ በስልክ «ገና አዲስ ነው፣ ከሁሉም ይበልጣል» ስትል እሰማለሁ። እኔ ከልጆቹ ጋር የተኛሁበት ክፍል ግን መስኮት አልነበረውም። መጋረጃ ነበረው። የመጀመሪያው ቀን መጋረጃውን ብገልጠው ግድግዳ። ለግድግዳ መጋረጃ የሰቀለ ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ትንሹ ልጅ እያስመለሰው ስለነበር ብዙውን ቀን የዋልኩት እዚያው ነው። ባሕሩን ያየሁት ስንሳፈርና ስንወርድ ብቻ ነው፣ እሱንም በሰው ትከሻ መሃል።

ለእናቴ ይህንኑ ነገርኳት። ነገር ማሳመር አላውቅበትም፤ ትምህርት ቤት እያለሁም በዚሁ ነበር ከአስተማሪ የምጣላው። ከመሳፈሬ በፊት ወደቡ ላይ ሆኜ ያነሳሁትን የመርከቡን ፎቶም ላክሁላት። እሷ የነገርኳትን ትታ ፎቶውን ለቅሬው ሴቶች በሙሉ አሳየች። ቅሬያችን ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና የሰፈር ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሴቶቹ የሚሰበሰቡት ለለቅሶ ስለሆነ የዓመቱን ወሬ ሁሉ የሚያወሩት በየንፍሮው ድስት ዙሪያ ነው። የእኔም መርከብ እዚያው ድስት ዙሪያ አደገ። አንዷ «ልጅሽ የመርከቡ ሹም ናት ወይ?» ብላ ብትጠይቃት፣ እናቴ «ገና ናት» ብላ መለሰች አሉ።

እኔ ሳልኖር ደግሞ እዚህ ሐይቃችን ላይ አዲስ ጀልባ መጣ። ባለ ፎቅ ነው፤ ብረት ነው፤ ነጭና ሰማያዊ ተቀብቷል። ላይኛው ፎቅ ላይ የፕላስቲክ ወንበር፣ ታችኛው ላይ ሰውን የሚያደነቁር ሞንታርቦ አለው። በበዓል ቀን ከደሴ የሚመጣው ወጣት ሁሉ የሚሰለፈው ለእሱ ነው። እናቴ ገና ስታየው፣ «ልጄ ስትመጣ በዚህ ታሳፍረኛለች» ብላ ለቅሬው ተናገረች። አንዴ ለቅሬው ከተናገርሽ፣ ለመንግሥት እንደ ተናገርሽ ነው።

እኔም መጣሁ። የአረፋ በዓል ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ሥጋው ከተበላና እንግዳው ከቀለለ በኋላ፣ እናቴ ያመጣሁላትን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ «ሴቶቹ ዳር ላይ ሆነው ያዩናል፣ ቀድመው ሄደዋል» አለችኝ። ከቤት እስክንወጣ መስታወቱ ፊት ስንቴ እንደ ተመላለሰች አልቆጠርኩም።

ባለ ፎቁ ወደ ቆመበት ስንደርስ ሰው ደረጃው ላይ ተፋፍጓል። ሞንታርቦው ደረቴ ውስጥ ይመታል። ከውስጥ የአዲስ ቀለም ሽታ መጣብኝ፤ ታችኛውን ክፍል አጎንብሼ ባየው ጨለማ ነው፣ ሰው በላይ በላይ ተደራርቧል። ያ መስኮት የሌለው ክፍል ትዝ ብሎኝ እግሬ እምቢ አለ። ከጎኑ፣ ውሃው ዳር እንደ ሸምበቆ ከበቀለው ፊላ ሥር፣ አንዲት አሮጌ የእንጨት ጀልባ ታስራለች። ቀለሟ ተልጦ የቀድሞው ቀለም፣ እሱም ተልጦ ከዚያ በፊት የነበረው ይታያል። ከኋላዋ ትንሽ ሞተር፣ ከውስጧ ሁለት መቅዘፊያ። ሽማግሌው ባለቤቷ በጣሳ ውሃ ከውስጧ ይቀዳል።

«እማ፣ በዚችኛዋ እንሂድ» አልኳት።

«በየቷ?»

«በዚች።»

እናቴ አየቻት። «ይቺማ ዓሣ የሚጫንባት ናት።»

«ዛሬ በዓል ነው፣ ዓሣ የለም።»

«ሽታው በዓል አያውቅም።»

«እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ውሃውን ልታዪ ነው የመጣሽ፣ ወይስ ሰው እንዲያይሽ?»

«ሰው እንዲያየኝ ነዋ» አለች፣ ሳታፍር። «ውሃውንማ ኸደጄ አየዋለሁ።»

አፌ ከማን እንደ ወጣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሱ ይሄ ነው።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየለቅሶው ልጅሽ መቼ ነው የምትመጣው ይሉኛል። መጣሽ፣ አልሃምዱሊላህ። ዛሬ በዚች ስሄድ ቢያዩኝ ግን ባዶ እጇን ተመለሰች ነው የሚሉሽ። እኔን አይደለም፣ አንቺን ነው።»

«ይበሉ።»

«አንቺ ይበሉ ትያለሽ። ኸነሱ ጋር ተቀምጬ ንፍሮ የምቀቅለው እኔ ነኝ።»

እውነቷን ነው። ግን እኔም እዚያ ውስጥ መግባት አልቻልኩም፤ አልቻልኩም ስል አልፈለግሁም ማለቴ አይደለም። «እኔ እዚያ ላይ አልወጣም። ከፈለግሽ አንቺ ውጪ፣ እዚሁ ሆኜ እጠብቅሻለሁ» አልኳት። ስትሄጂ እጄን አውለበልብልሻለሁ ማለትም እችል ነበር፤ አላልኩም።

ደረጃውን አየች፣ እኔን አየች። «ብቻዬንማ ምን ብዬ» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ ወደ አሮጌዋ ሄደች። ባለ ፎቁ ጥሩንባውን እየነፋ ያለ እሷ ሄደ።

ሽማግሌው ሰው የሚያስቀምጠው በክብር ሳይሆን በክብደት ነው። «አንቺ እህቴ፣ ኸመሃል። ቀጭኗ፣ ኸፊት ሂጂ። አትነቃነቁ» አለን።

«አያ፣ ሚዛን ነዎት ወይ?» አለች እናቴ፣ የተኮሳተረ ፊቷን ሳትፈታ።

«ሚዛኗ ጀልባዋ ናት። ወላሂ እኔ የለሁበትም።»

እንደ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ሻሿን አፏ ላይ ጎተተች። ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ሳል ሳል አለና ተነሳ። እኔ ፊት ተቀምጬ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ፣ እጄን ውሃው ውስጥ ነክሬ ስጎትተው፣ ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ወደ ኋላ ዞር ስል ግን እናቴ ጉልበቷን አቅፋ የጀልባዋን ወለል ታያለች። ስንት ጊዜ የጠበቀችውን ቀን ወስጄ የራሴ እንዳደረግሁት ያኔ ገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከተራራው ሲወርድ ትናንሾቹ ጀልባዎች መሃል አይገቡም። ሽማግሌውም የፊላውን ጥግ ጥግ ይዞ ሄደ። አንድ ወፍ ከፊላው ውስጥ ብድግ ይላል፣ ላም አንገቷን ዘርግታ ትጠጣለች፣ የመስኖ ቱቦ ውሃው ውስጥ ተኝቷል። ማሳው እስከ ውሃው ጫፍ ይወርዳል። ትንሽ እንደ ሄድን እናቴ ከሻሿ ሥር፣ «የማነው ይሄ በቆሎ?» አለች።

ሽማግሌው የባለቤቱን ስም ነገራት።

«እንዲህ ያማረ በቆሎ ይዞ ነው ዘንድሮ ምንም የለኝም የሚለን?» አለችና ሻሿን ከአፏ አወረደች።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት። ሰው ቤቱን የሚያሳምረው ከፊት ለፊት ነው። ከውሃው በኩል ግን የሚታይሽ ጓሮው ነው። እናቴ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በደጁ ታውቀዋለች፤ በጓሮው ስታየው ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። የማን አጥር እንደ ወደቀ፣ ማን የጎረቤቱን መሬት በአንድ እርምጃ እንደ ገፋ፣ የማን ጎመን በትል እንደ ተበላ፣ አንድም አላመለጣት። አንዱ ጓሮ ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ።

«ይቺ ለአረፋ ሁለት በግ አረድን አላለችንም?»

«ብላለች።»

«አንደኛው ይሄው ቆሞ ሣር ይበላል።»

«እማ፣ ሌላ በግ ይሆናል።»

«ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በግ አንድ ነው ያላት። አላየንም በቃ። አንቺም አላየሽም» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን እየሳቀ ነበር። ሽማግሌውም ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ ትከሻው ይነቃነቃል።

የፊላውን ጉብ ስንዞር የቅሬው ሴቶች ሣሩ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። በጣም ቅርብ ናቸው፤ ድንጋይ ሳይሆን ቆሎ ብትወረውሪ ይደርሳል። እኛን ግን አላዩንም፤ ዓይናቸው ሐይቁ መሃል ባለው ባለ ፎቅ ላይ ነው። አንዷ ቆማ ነጠላዋን ታውለበልባለች።

«ያቻት፣ ያቺ አረንጓዴ የለበሰችው» ትላለች።

«እሷ አይደለችም፣ ይቺ ወፍራም ናት» ትላለች ሌላዋ።

«ኸሩቅ ሰው ይወፍራል።»

«ኸሩቅ ሰው ያንሳል እንጂ መቼ ይወፍራል? ደግሞ አንገቷን አላየሽም? ያቺ ወንድ ናት።»

እናቴ ለሽማግሌው በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ሞተሩን አጠፋ። ጀልባዋ በዝግታ፣ ያለ ድምፅ ወደ ዳሩ ትንሳፈፋለች። እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

«ብቻ ታድላለች» አለች ባለ ነጠላዋ፣ አሁንም ለማታውቀው ሰው እያውለበለበች። «ልጅ ማለት ይቺ ናት። የኔዋማ ለባጃጅም አትከፍልልኝ።»

«አፏ ነው እንጂ ጥሩ ልጅ ናት» አለች አንዷ።

«አፏን ትተሽ ሥራዋን እይ።»

እናቴ ይሄን ሁሉ እስኪጨርሱ ታገሠች። ከዚያ፣ «ማንን ነው የምትጠሩት?» አለች፣ በተራ ድምፅ።

አንዷ «አዑዙ ቢላህ» አለች፣ ሌላዋ «በስመ አብ» ብላ አማተበች። ባለ ነጠላዋ እጇ አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ዞራ አየችን።

«አንቺ እዚያ ላይ አይደለሽም ወይ?»

«ምን አባቴ ልሆን? እዚያ ላይ ማን ያየኛል? ይኸው አንቺ ራስሽ ወንዱን እኔ ነኝ ብለሽ ስታውለበልቢ ዋልሽ።»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ ግን ጀልባዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። የተላጠውን ቀለም፣ ጣሳውን፣ ሽማግሌውን። እናቴ የፈራችው ነገር አሁን ሊመጣ ነው አልኩ።

«በዚች ነው እንዴ የወጣሽው?» አለች ሴትዮዋ።

«ልጄ ናት የመረጠቻት» አለች እናቴ ቀጥ ብላ። «መርከብ የማያውቅ ሰው ነው ትልቁ ላይ የሚጋፋ። የሚያውቅ ትንሿን ነው የሚይዝ። የፈለግሽበት ትቆሚያለሽ፣ የሰው ወሬ ትሰሚያለሽ፣ የሰው ጓሮ ታያለሽ።»

«የማንን ጓሮ?» አለች ሴትዮዋ ፈጥና።

«የሁላችሁንም።»

ያን ጊዜ ነው ሁሉም የተነሱት። ያየችውን እነሱም ማየት አለባቸው። ጫማቸውን አወለቁ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ እየተሳደቡና እየተደጋገፉ ወደ ውሃው ገቡ። ሽማግሌው «ቀስ፣ ቀስ፣ ጀልባዋ ስድስት ሰው ነው የምትችል» ይላል፣ ማን ሰምቶት። በየክብደታቸው ሲደለድላቸው ባለ ነጠላዋን «አንቺ ኸመሃል» ቢላት፣ «መሃልማ ተይዟል» አለች እናቴ፣ ሳትነቃነቅ። በመጨረሻ አንዷ ቦታ አጥታ ውሃው ውስጥ ቆማ ቀረች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ውረጂ» አለችኝ እናቴ።

«እኔ ነኝ እኮ የተከራየሁት።»

«አንቺ ወጣት ነሽ። ነገም ትወጫለሽ። ውረጂ ልጄ፣ አብሽሪ።»

ወረድኩ። ጫማቸውን በሙሉ፣ ጃንጥላቸውንና የዳቦ ቆሎ ፌስታላቸውን ታቅፌ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጀልባዋ እስከ አፏ ሞልታ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ሴቶቹ እየጮሁ፣ የመጣንበትን ጥግ ይዛ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ የሳቅ ድምፅ መጣ፤ በጉ ጋ እንደ ደረሱ አወቅሁ።

ባለ ፎቁ ዞሮ መጥቶ ሰዉን አወረደ። ወጣቶቹ ጆሯቸውን እየነካኩ ወረዱ፣ ሌሎች ወጡ፣ እንደገና ሄደ። እነ እናቴ አሁንም አልወረዱም። በፊቴ ሲያልፉ እናቴ ስልኬን እያመለከተች «አንሺን» አለችኝ። ከተቀመጥኩበት ላነሳቸው ስል፣ «ኸዚያ አይደለም፣ ቅረቢ፣ ፊታችን ይታይ» አለች። አዲሱን ቀሚሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ፎቶው አሁንም አለኝ። አንዳቸውም ወደ እኔ አያዩም። አራቱ በአንድ ጊዜ ያወራሉ፣ ሽማግሌው ሰማይ ሰማይ ያያል፣ እናቴ መሃል ላይ ተቀምጣ ክንዷን ዘርግታ የአንዱን ሰው ጓሮ ለሌላው ታሳያለች።

እኔ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ እግሬ ቶሎ ይነሳል። ሁለተኛውን ዙር ሲጨርሱ፣ «እማ፣ ይበቃል፣ ውረዱ፣ እንሂድ» ብዬ ጮህኩ።

እናቴ ፊቷን እንኳ አላዞረችም። «አንቺ ኸቸኮልሽ ባጃጅ ያዢና ሂጂ» አለችና ለሽማግሌው በእጇ «ቀጥል» አለችው።

ባጃጅ አልያዝኩም። የዳቦ ቆሎውን ፌስታል ፈታሁ።