የቡድኑ ጸሐፊ

ቅዳሜ ቅዳሜ አሰላ ውስጥ በአንድ ወርክሾፕ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አሠለጥናለሁ፤ ኢንጂነሪንግ የሚባለውን ነገር በእጃቸው ነክተው እንዲያውቁት ነው። በዙሪያው ካሉት ትንንሽ ከተሞች፣ ከሁሩታም ከዲክሲስም ይመጣሉ። ገና ስንጀምር ታዲያ አንድ ነገር ደሜን አፈላው። ተማሪዎቹ በቡድን ሲከፋፈሉ፣ ማንም ሳያዛቸው ወንዶቹ መፍቻ ያነሳሉ፣ ሴቶቹ እስክሪብቶ። «ጽሕፈቷ ያምራል» ይባላል፤ በቃ፣ ጸሐፊ ሆነች። እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ያው ነበርኩ፤ ስንት ሞተር ሲፈታ ወረቀት ይዤ ቆሜ አየሁ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዲክሲስ የምትመጣ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነበረች። አባቷ ስንዴ አምራች ናቸው። አንድ ቅዳሜ አብረዋት መጥተው በር ላይ ቆመው ሲያዩ ዋሉ። ልጃቸው ጥግ ይዛ ወንዶቹ የሚሏትን ትጽፋለች። ሲወጡ ጠሩኝ፤ ከእሳቸው ጋር የምናወራው በኦሮምኛ ነው።

«መምህርት፣ መጻፉንማ ዲክሲስም ትጽፋለች። ቅዳሜ እርሻው ላይ እጅ ያጥረናል። ለዚህ ብላ አሰላ ድረስ ምን ያመላልሳታል?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው።

«አባቴ፣ አንድ ቅዳሜ ብቻ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«እሺ፣ አንድ። ከዚያ በኋላ ግን ትቀራለች።»

በሳምንቱ ተማሪዎቹ ገና ሲገቡ የሴቶቹን እስክሪብቶ በሙሉ ሰብስቤ ኪሴ ከተትኩ። ወንዶቹ አጉረመረሙ። «ቲቸር፣ የእኛ ጽሕፈት አይነበብም እኮ» አለ አንዱ። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ይነበባል» አልኩት። የዲክሲሷን ልጅ አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ፊት አቆምኳት። ገበሬ መስኖ የሚያጠጣበት ትንሹ የቤንዚን ሞተር ነው፤ አልነሳ ብሎ ነው ለእኛ የተሰጠው።

«ባበላሸውስ?» አለችኝ።

«እሱ እንደሆነ ድሮም ተበላሽቷል። ፍቺው።»

ፈታችው። ቤንዚንና አየር የሚደባልቀውን ካርቡራተር አጠበች፣ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ በሽቦ ብሩሽ ጠረገች፣ መልሳ ገጠመች። አባቷ ከሰዓት በኋላ ሊወስዷት ሲመጡ እስከ ክርኗ በግራሶ ጠቁራለች። የማስነሻውን ገመድ ሳበች። ዝም። ደግማ ሳበች። አሁንም ዝም። የቡድኑ ልጆች አንድ በአንድ ዞር ማለት ጀመሩ። ይሄ ሞተር ካልተነሳ ልጅቷን አጣኋት ማለት ነው።

አባትየው ሰዓታቸውን አዩ። «በይ ተነሺ፣ የዲክሲስ መኪና ሊያመልጠን ነው» አሏት።

ቀና እንኳ አላለችም። «ቤንዚኑ እዚህ ጋ አይደርስም፤ ቱቦው ሳይደፈን አይቀርም» አለችና መፍቻውን እንደገና አነሳች። «እስካየው ድረስ አልሄድም፣ አባ።»

ያቺ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት እንዲህ የምትለው። አባት በሰው ፊት እንዲህ ሲባል ምን እንደሚከተል አውቃለሁና፣ መሀል ልገባ ጠጋ አልኩ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው የያዘችውን ቱቦ ትንሽ አዩት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው እዚሁ አሰላ ለምትኖረው እህታቸው ደወሉ።

«ዛሬ አንቺ ጋ ነው የምናድረው» አሏት። «ልጄ ሥራ ላይ ናት።»